ከሰማይ ያልወረደው ውሃ

ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ቁልቁል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር የሚያስኬድ መንደር አለ፤ ግራር ውሃ ይባላል። በግራር ውሃ ከሮቃው ዛፍ ሥር ሳይጠየቅ ማሽላ አይዘራም ነበር። ሮቃው የጋሽ ሳልህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንደሩ ገበሬ በሬ ከመጥመዱ በፊት እዚያ ጥላ ሥር ይቀመጥና «ጋሼ፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው?» ይላል።

ጋሽ ሳልህ ቶሎ አይመልሱም። በጣርማ በር ተራራ በኩል ያለውን ደመና ያያሉ፤ ከአዋሽ የሚነሳውን ነፋስ በግንባራቸው ይቀበላሉ፤ ግራሩ አበባ ይዞ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ «ከአሥር ቀን በኋላ ዝሩ» ወይም «ትንሽ ቆዩ» ይላሉ። የመጀመሪያዋን እፍኝ ማሽላ የሚበትኑትም እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው ቀድሞ የዘራ ሰው ባይረገምም በክፉ ዓይን ይታያል።

እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ይይዝላቸው ነበር። ያ የሆነው ግን ዝናቡ ራሱ ቀጠሮውን በሚያከብርበት ዘመን ነው። ኋላ ኋላ በልጉ እየዘገየ፣ ክረምቱ ቶሎ እየተቆረጠ፣ ሌሊቱ ሳይቀር እየጋለ መጣ። ጋሽ ሳልህ አንድ ዓመት ተሳሳቱ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓመት። ሰው ግን መጠየቁን አልተወም፤ እርሳቸውም መመለሱን አልተዉም። የለመደ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ የመንደሩ ሰው ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ እርከን እየሠራ ሳለ ኢዮብ የሚባል የወረዳው ግብርና ባለሙያ ባጃጁን መንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ መጣ። እጁ ላይ ጎኗ በቁጥር የተሰመረች፣ ጥርት ያለች የፕላስቲክ ዕቃ ነበረች። የዝናብ መለኪያ ናት።

«የዝናቡ ነገር እንደ ድሮው አይደለም» አለ ኢዮብ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ። «ያደጉት አገሮች ፋብሪካና መኪና ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጨሱት የኖሩት ጭስ አየሩ ላይ ተከማችቷል። ቀን ፀሐይ ያሞቀቻት ምድር ሌሊት ሙቀቷን እንዳታስወጣ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗታል። ምድር በሞቀች ቁጥር የዝናቡ ጊዜም መጠኑም ይዛባል። በምን ያህል እንደተዛባ የምናውቀው ግን ስንለካው ነው።»

ጋሽ ሳልህ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ በዚህ መንደር ያለው ጭስ የሙሀባ ምድጃ ብቻ ነው» አሉ፣ ወደ ሚስታቸው እያመለከቱ። «ያጨሰው ፈረንጅ፣ የሚለካው የኛ ዝናብ! ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ደግሞስ ዝናብ የአላህ እንጂ የፋብሪካ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኢዮብም ሳቀ።

«ጋሼ፣ ስለ ጭሱ እውነትዎን ነው» አለ። «አገራችንም በየዓለም ስብሰባው ‹ጭሱ የእናንተ፣ ድርቁ የእኛ፤ ካሡን› እያለች ትከራከራለች። እነሱ ደግሞ ‹ሁሉም የድርሻውን ያድርግ፤ እናንተም ደን አትጨፍጭፉ› ይላሉ። ክርክሩ ዛሬ አላለቀም፤ ነገም ላያልቅ ይችላል። ግን የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ምስክር ይጠየቃል። ዝናብህ በስንት ቀነሰ? ከመቼ ጀምሮ? ሲሉት ‹ድሮ ደህና ነበር› ማለት አይበቃውም። ይቺ ዕቃ ምስክራችን ናት።»

ከሴቶቹ መሐል ሐምዲያ ቀስ ብላ ተናገረች። «ዝናቡማ የአላህ ነው። የሰጠንን ያህል ማወቅ ግን ለኛ የተተወ ይመስለኛል።»

ሐምዲያ የአብዱልሃዲ ሚስት ነበረች፤ ነፍሱን ይማረውና። አብዱልሃዲና ጋሽ ሳልህ አንድ አንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ሃያ ዓመት አብረው አርሰዋል። እሱ ከሞተ ወዲህ የሐምዲያን መሬት በየዓመቱ የሚያርሱላት ጋሽ ሳልህ ናቸው፤ ከምርቱ አንዲት ዛላ ጠይቀዋት አያውቁም። ጋሽ ሳልህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህንን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅናት የሚገባው ክፉ ሰው ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

መለኪያዋ የምትተከልበት ቦታ ሲነሳ ጋሽ ሳልህ ከሁሉ ቀድመው «ሮቃው ሥር ትሁን» አሉ።

«ዛፉ ዝናቡን ይጋርዳል፣ ጋሼ» አለ ኢዮብ በትሕትና። «ገላጣ ቦታ ነው የምትፈልገው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንብቦ የሚጽፍ ሰውም ያስፈልጋል።»

ገላጣ ግቢ ያላት ጎረቤታቸው ሐምዲያ ሆነች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረችውም ሐምዲያ ሆነች። ሠላሳ ዓመት ሰው ያስጠለለው ሮቃ በዚያች ቀን ጌታውን አሳፈረ።

መጀመሪያ ጋሽ ሳልህ ነገሩን እንደ ጨዋታ አዩት። በ2006 ክረምት ግን በየጠዋቱ ወደ እርሻ የሚወርደው ሰው በሐምዲያ አጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «ሐምዲያ፣ ስንት አለ?» ማለት ጀመረ። «አሥራ አንድ» ትላለች። ሰውየውም አሥራ አንድ ምን እንደሆነ የገባው ያህል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ኢዮብ ሲመጣ ወረቀት ይዞ ወደ እርሷ ይሄዳል። ሮቃው ሥር ደግሞ ዶሮዎች ይጭራሉ።

«ቀድሞ ከመጣ ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠ» አሉ ጋሽ ሳልህ አንድ ቀን ብቻቸውን።

ሙሀባ ሰምታ ኖሮ «ቀንዱስ እሺ፣ ጆሮ ግን ቢሰማ ምን አለበት?» አለቻቸው። «ሂድና አንተም ስንት እንደዘነበ ጠይቃታ።»

«እኔ ሐምዲያን ዝናብ ልጠይቅ?»

ይህንን ያሉበት ድምፅ የራሳቸው አልመሰላቸውም። ያን ሰሞን ሥራ ሲሠሩ፣ ሲሰግዱ፣ ሲበሉ ሁሉ ዓይናቸው በሐምዲያ ግቢ ግንድ ላይ ከቆመችው ፕላስቲክ አይነቀልም ነበር። የሐምዲያ ሳቅ ከአጥር ማዶ ሲሰማ የሳቀችው በእርሳቸው ይመስላቸዋል። አንድ ጠዋት መጥረቢያቸውን ስለው ሮቃው ሥር ቆሙ። ዛፉ ከሌለ የእርሳቸውም ግቢ ገላጣ ይሆናል።

ሙሀባ መጥረቢያውን ከእጃቸው ወሰደች። «ለአንዲት ፕላስቲክ ብለህ አባትህ የተከለውን ጥላ ልትጥል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።» ጋሽ ሳልህ ሮቃውን አልቆረጡም። ቅናታቸው ግን አልበረደም።

በ2007 መጋቢት ያለ ጠብታ አለፈ። ሚያዝያ ገባ፤ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ትሪ ጥርት ብሏል። ኢዮብ መጥቶ ግብርና ቢሮው ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር እንዳዘጋጀ፣ ዘሩ ለሁሉም ቀበሌ እንደማይበቃ፣ በልጉ በባሰባቸው ቀበሌዎች እንደሚታደል ተናገረ። የባሰበት የሚለየው በመለኪያዎቹ ቁጥር ነው። እስከዚያ ድረስ የቤታቸውን ዘር እንዳይበትኑም መከረ።

ሰው ተጨነቀ። በጭንቅ ቀን ደግሞ ወደ ድሮው ይመለሳልና ሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ጋሽ ሳልህ ደመናውን አዩ፤ ነፋሱን ተቀበሉ። ደስታቸው አሳስቷቸው ይሁን ነፋሱ እንጃ፣ «ሚያዝያ ሃያ ሳይሞላ ይዘንባል፤ ቆይቶ የሚደርሰውን ረጅሙን ማሽላ ዝሩ» አሉ።

ሚያዝያ አሥራ ስምንት ሌሊት ላይ ደመና መጣ። ጣሪያውን ጠብ ጠብ አደረገውና ተወው። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ሳልህ ለሶላት የሚታጠቡባትን አረንጓዴዋን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ አቧራው ላይ የዝናብ ነጠብጣብ ብቻ አዩ። ሦስት ሰዓት ላይ ሐምዲያ «ምንም የለም» ትላለች። ያንን «ምንም የለም» መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል።

የሐምዲያ አጥር ዝቅተኛ ነው። በእጃቸው ባለችው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከውዱእ የተረፈ ውሃ ነበር። ያቺ መለኪያ ጠባብ ስለሆነች ትንሽ ውሃ ብዙ ቁጥር ታወጣለች። ጋሽ ሳልህ ግራ ቀኝ አይተው ክንዳቸውን በአጥሩ ላይ ዘረጉና መለኪያዋ ውስጥ አፈሰሱት።

«ሃያ ሁለት!» ተባለ ያን ቀን ጠዋት። ሰው ወደ ሮቃው ሮጠ። «ጋሼ ያሉት ደረሰ፤ የሐምዲያ ፕላስቲክ እንኳ መሰከረላቸው» እያለ። ጋሽ ሳልህ ፈገግ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ትሑት መሰሉ። ከዚያ ወዲያ ደመና ባንዣበበባቸው ሌሎች ሁለት ጠዋቶችም እንዲሁ አደረጉ፤ አሥራ ስምንትና ሃያ ሰባት። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ቀለላቸው። ክፋት ሲለመድ ጠባዩ ይኸው ነው።

የግራር ውሃ ሰው የቀረችውን የማሽላ ዘር በደረቅ መሬት ላይ በተነ። «ከታች እርጥበቱ አለ፤ መለኪያዋ ስድሳ ሰባት ብላለች» ተባብሎ። ስምንት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ሰዲቅ ለመጠባበቂያ ያስቀመጣትን ሳይቀር አወጣ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ኢዮብ ዘር የሚታደልባቸውን ቀበሌዎች ዝርዝር አነበበ። የእነርሱ ቀበሌ አልነበረበትም።

«እናንተ በአሥር ቀን ስድሳ ሰባት ሚሊሜትር አግኝታችኋል» አለ። «ጎረቤቶቻችሁ አሥርም አላገኙ። ለእነሱ ነው የተሰጠው።»

ሐምዲያ ብድግ አለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ጋሽ ሳልህን አየቻቸው። ጋሽ ሳልህ ጫማቸውን አዩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም መልሳ ተቀመጠች። ጋሽ ሳልህ «ተሸነፈች» አሉ በልባቸው። ምን እንዳሸነፉ ግን አላወቁም።

ግንቦትን ተሻግሮ አንድ ቀን የጣለ ዝናብ ማሽላውን አበቀለው። የቀረው ሰኔ ፀሐይ፤ ሐምሌም ፀሐይ። ኢዮብ በዚያ ዓመት የሩቅ ውቅያኖስ ሙቀት ዝናቡን እንዳዛባው፣ እንዲህ ያለው ነገር በየጥቂት ዓመቱ መጥቶ የሚሄድ ቢሆንም በሞቀች ምድር ላይ ሲደርስ ጉዳቱ እንደሚከፋ አስረዳ። የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ደረቀ። ቶሎ ደራሹን ዘር ያገኙት የጎረቤት ቀበሌዎች ጥቂትም ቢሆን አረንጓዴ ይታይባቸው ነበር።

ሰው የሚወቅሰው ሲያጣ ቅርቡን ይወቅሳል። «ሐምዲያ መለካት ሳትችል ነው ዘሩን ያስበላችን» ተባለ። በአጥሯ ላይ አንገቱን የሚያሰግግ ጠፋ። ውሃ ስትቀዳ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት። ጋሽ ሳልህ ይህንን እያዩ አንድ ጊዜ እንኳ «ተዉአት» አላሉም። የተመኙት ሁሉ ሆኖላቸው ሳለ እህል አልወርድ አላቸው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቡሬን፣ ከአብዱልሃዲ በሬ ጋር ሲቀናጅ የኖረውን፣ ጎድኑ ተቆጥሮ ከመሞቱ በፊት ብለው ወደ ሮቢት ገበያ ነዱት። ሲመለሱ ባዶ ገመድ ይዘው ነበር። ሙሀባ ገመዱን ተቀብላ ሰቀለችው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መንደሩ ለዝናብ ሶላት ሜዳ ወጣ። ኢዮብም ክርስቲያን ቢሆንም ሐዘኑን ሊካፈል መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። ኢማሙ ከሶላቱ በፊት ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ከአላህ ከመለመናችን በፊት እጃችንን እንይ» አሉ። «የሰው ሐቅ የያዘ ይመልስ። በሐሰት የመሰከረ ተጸጽቶ ተውበት ያድርግ። በቆሸሸ እጅ እንዴት ዝናብ እንለምናለን?»

ጋሽ ሳልህ እጃቸውን አዩ። ያን ዕለት ጠዋት በአረንጓዴዋ ማንቆርቆሪያ ታጥበዋል። አካላቸው ንጹሕ ነው፤ ግን በዚያው ውሃ የሐሰት ምስክር አቁመዋል። ከሰልፉ ወጥተው ሰዉ ፊት ቆሙ።

«ሐምዲያን ተዉአት» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከሰማይ አልወረደም። ከውዱእ የተረፈ ውሃ ነው። እሷ እኔን በለጠችኝ ብዬ ቀናሁ፤ ቃሌ ሲወድቅ ማየትም አልወደድኩም። ዘሩን የከለከልኳችሁ እኔ ነኝ። የዘራችሁትን ያስዘራኋችሁም እኔ ነኝ።»

ሰዲቅ ከፊታቸው መጥቶ ቆመ። «ጋሼ» አለ፤ «እኔኮ ‹ጋሼ ካሉ› ብዬ የልጆቼን መጠባበቂያ አፈር ውስጥ ጣልኩት።» ይህንን ብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ያን ጊዜ ሐምዲያ ከሴቶቹ መሐል መጣች። ደብተሯን ገልጣ ሃያ ሰባት ከሚለው ቁጥር አጠገብ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ክብ አሳየች።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች። «በሦስተኛው ቀን በማለዳ ተነስቼ አረንጓዴዋን ማንቆርቆሪያ በአጥሩ በኩል አየኋት። ጋሼ፣ አብዱልሃዲ ከሞተ ወዲህ መሬቴን ያረሱልኝ አንቱ ነዎት። እንዴት ብዬ በሰው ፊት ላዋርድዎት? ይሉኝታ ያዘኝ፤ ይቺን ክብ ሠርቼ ዝም አልኩ። ዝርዝሩ ሲነበብ እንኳ ተነስቼ ተቀመጥኩ። አንቱ በቅናትዎ አንድ ጊዜ በደሉ፤ እኔ በይሉኝታዬ ደገምኩት።»

ሶላቱ ተሰገደ። በዚያ ቀን አልዘነበም። ኢዮብ በማግስቱ ሦስቱን ቁጥሮች በቀይ ሰርዞ ሐምዲያንና ጋሽ ሳልህን አስፈረመ። ቶሎ ደራሹ ማሽላ ግን ታድሎ አልቋል። እንደምንም ተብሎ ጥቂት የማሾ ጥራጥሬ ዘር ተገኘ፤ በስድሳ በሰባ ቀን ይደርሳል። ነሐሴ ላይ በጣለው ዝናብ ተዘራና ለየቤቱ ቁና ቁና ያህል ሰጠ። የቀረውን ጊዜ ሰው በእርዳታ ስንዴ ገፋው። ከሰዲቅ ልጆች ትልቁ ትምህርቱን አቋርጦ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ምድር መሞቅ ስንነጋገር ነገሩ የሩቅ ፋብሪካና የትላልቅ አዳራሽ ክርክር ብቻ ይመስለናል። ያጨሱት ይጠየቁ፤ መጠየቅም አለባቸው። ነገር ግን በደላችንን የምትቆጥረው ያቺ ትንሽ ምስክር በእኛው አጥር ውስጥ ናት። አንዱ በቅናት ውሃ ከጨመረባት፣ ሌላው በይሉኝታ ዝም ካለላት፣ ከማን ፊት ቀርበን ምን ብለን እንከሳለን? ከሰማይ ለሚመጣው አቅም ባይኖረን እንኳ ስለ እርሱ እውነቱን ለመናገር አቅም አለን። አዋቂ ነኝ የሚል ሰውም ዓለም ስትለወጥ «አላውቅም፤ እንለካ» ማለት ውርደቱ ሳይሆን ማዕረጉ ነው።

በ2008 መጋቢት ላይ ሐምዲያ በሮቃው በኩል መጣች። ሮቃው ሥር ከጋሽ ሳልህ በቀር ማንም አልነበረም።

«ጋሼ» አለች፣ «ለአንድ ምስክር ሁለት ዓይን ይሻላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እየመጡ አብረውኝ ያንብቡ።»

«እኔን? ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

«ከዚያ ሁሉ በኋላማ ከአንቱ የተሻለ የሚጠነቀቅ ከየት ይገኛል?»

ሚያዝያ መግቢያ ላይ ጋሽ ሳልህ እንደ ልማዳቸው ጣርማ በርን አዩ፤ ነፋሱን ተቀበሉ። አንደበታቸው አመለጣቸውና «ዛሬ ሌሊት ይዘንባል» አሉ። ወሬው በአንድ ሰዓት መንደሩን ዞረ። ሌሊቱን ሰማዩ አጉረመረመ። ጠዋት ላይ ሰው በሐምዲያ አጥር ዙሪያ ተሰለፈ። ሰዲቅ በብድር ያገኛትን ዘር በቁና ይዞ በሬዎቹን ጠምዶ ቆሟል። ብዙዎች የሚያዩት መለኪያዋን ሳይሆን የጋሽ ሳልህን እጅ ነበር።

ጋሽ ሳልህ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመስመሩ ጋር አስተካከሉ። ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ሐምዲያ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች።

«ዜሮ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ተሳስቻለሁ። ዜሮ ብለሽ ጻፊ።»

ሐምዲያ ጻፈች። ሰዲቅ በሬዎቹን ፈታና ዘሩን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያን ቀን አልዘራም።